የረሳ ሰው ሁሉን አይረሳም፦ ስለ ረጅም ጊዜ ትውስታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እምዬ የእናቴ እናት ናት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት አንድ ቡና ተፈልቶ እስኪያልቅ ሦስት ጊዜ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ትለኝ ነበር። አቦል ላይ እነግራታለሁ። ቶና ላይ ትጠይቀኛለች። በረካ ላይ ደግሞ እንደ አዲስ። ያን ሁሉ ጊዜ ግን እጇ ሥራ አይፈታም። በግራ እጇ ባዘቶውን ይዛ፣ በቀኟ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሾረዋለች። ፈትሉ አይበጠስም፣ አይጎረብጥም። እኔ ስሞክረው ክንድ ሳይሞላ ይበጠስብኛል።

የልጅ ልጇ የጠፋቻት ሴት ይህን እንዴት አልረሳችውም? መልሱን ፍለጋ ስለ ትውስታ ማንበብ ጀመርኩ፣ እስካሁንም አላቆምኩም። ሰዎች የሚያነሱልኝ ጥያቄ ይመሳሰላል። ደጋግመው የሚመጡትን እዚህ እመልሳለሁ። «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የረጅም ጊዜ ትውስታ ማለት የድሮ ነገር ማለት ነው?

አይደለም። «የድሮውን አሳምረው ያስታውሳሉ፣ የጠፋቸው የአጭር ጊዜው ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። በሙያው አነጋገር የአጭር ጊዜ ትውስታ በሰከንዶች የሚቆጠር ነው። አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ሲነግራችሁ እስክትደውሉ ድረስ በአፋችሁ የምታመላልሱት እሱ ነው። መሀል ላይ «ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ከመጣ ቁጥሩ ብን ይላል።

ከዚያ ያለፈ ሁሉ የረጅም ጊዜ ነው። የዛሬ ጠዋት ቁርሳችሁም የአንደኛ ክፍል መምህራችሁም። ጠዋት የበሉት ከሰዓት የሚጠፋቸው እናት የተቸገሩት አዲስ ነገር ወደ ረጅሙ ጊዜ ማሻገር አቅቷቸው ነው። ገና የተናገራችሁትን ዓረፍተ ነገር ግን ቃል በቃል ሊመልሱላችሁ ይችላሉ።

እሺ፣ ስንት ዓይነት ነው?

አማርኛችን ራሱ በሦስት ግስ ለይቶ ያስቀመጠው ይመስለኛል። ትዝ ይለኛል፣ አውቃለሁ፣ ለምጄዋለሁ።

«ትዝ ይለኛል» የምንለው የራሳችንን ገጠመኝ ነው። ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ እኛም ውስጡ አለን። የመጀመሪያ ደሞዜን የተቀበልኩበት ቀን ትዝ ይለኛል። ዝናብ ነበር። ፖስታውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ነው የሮጥኩት። ተመራማሪዎች ይህን ኤፒሶዲክ ይሉታል። እኔ የገጠመኝ ትውስታ እለዋለሁ።

«አውቃለሁ» የምንለው ግን ከየት እንዳገኘነው ባናስታውስም የኛ የሆነውን ነገር ነው። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን አውቃለሁ። መቼ፣ ከማን እንደሰማሁት ግን ጠፍቶኛል። «ዓድዋ ትዝ ይለኛል» የሚል ሰው ዛሬ በሕይወት የለም፤ የማያውቀው ግን ከስንት አንድ ነው። የቃላት ትርጉም፣ የአገር ስም፣ ሎሚ መኮምጠጡ፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ሴማንቲክ የሚባለው ይህ ነው፤ የዕውቀት ትውስታ ልንለው እንችላለን።

«ለምጄዋለሁ» ደግሞ የእጅና የእግር ነው። የጫማ ክር ማሰር። ማርሽ መቀየር። ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምሮ እያዞሩ ወደ መሀል ማፍሰስ። እናታችሁን «ውፍረቱን እንዴት ነው የምታውቂው?» ብትሏት «ነይ እይኝ» ትላለች እንጂ አትነግራችሁም። መንገር ስለማትፈልግ አይደለም። ነገሩ በቃል መልክ እሷም ጋ የለም። ይህ የክህሎት ትውስታ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አስበን ልናወጣቸውና ልንናገራቸው ስለምንችል ግልጽ ትውስታ ይባላሉ። ሦስተኛው ስውር ከሚባሉት ነው። ስውሮቹ ሌሎችም ናቸው፣ ወደ ኋላ እመጣባቸዋለሁ።

ይህ ክፍፍል በእውነት አእምሮ ውስጥ መኖሩ በምን ታወቀ?

በአንድ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ሄንሪ ሞላይሰን ይባላል። በሕይወት እያለ ስሙ ተደብቆ «ኤች.ኤም.» ብቻ ይባል ነበር።

ሄንሪ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበት። በሽታው እየባሰ ሄዶ ሥራ መሥራት እስኪያቅተው ደረሰ። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ አሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ዊልያም ስኮቪል የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም በግራም በቀኝም፣ ከጆሮ ገባ ካለው የአንጎል ክፍል ቆርጦ አወጣለት። ከወጣው ውስጥ የሂፖካምፐስ ትልቅ ክፍል ይገኝበታል። ሂፖካምፐስ ጠምዘዝ ያለች ትንሽ የአንጎል ክፍል ናት፤ ስሟ የባሕር ፈረስ ከምትባለው ዓሣ ጋር ስለምትመሳሰል የወጣ ነው። ምን እንደምትሠራ በዚያን ጊዜ በውል የሚያውቅ አልነበረም።

የሚጥለው በሽታ ቀለል አለለት። ግን ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ገጠመኝ የሚባል ነገር አልተቀመጠለትም። ምሳ በልቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መብላቱን አያውቅም። ልጅነቱን፣ ወላጆቹን፣ የትምህርት ቤቱን ዘመን ያውቃል። ጨዋ ነው፣ ይጫወታል፣ ቋንቋው ሙሉ ነው፣ የማሰብ ችሎታውም አልቀነሰም።

ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ ከሞንትሪያል እየተመላለሰች አጠናችው። በሄደች ቁጥር ራሷን እንደ አዲስ ታስተዋውቃለች። አንድ ቀን 584 የሚል ቁጥር እንዲይዝ ነገረችው። ሄንሪ ቁጥሮቹን እየደመረና እየቀነሰ በሐሳቡ ሲያመላልስ ለደቂቃዎች ያዘው። ትንሽ ቆይታ ስትጠይቀው ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ቁጥር እንደተሰጠውም ጠፍቶታል። የአጭር ጊዜው ትውስታ ደህና ነበር። የጠፋው መሻገሪያው ነው።

ከዚያ ያ ታዋቂው ሙከራ መጣ። በሁለት መስመር የተሣለ ኮከብ ወረቀት ላይ አለ። ሥራው በሁለቱ መስመሮች መሀል በእርሳስ መሣል ነው። ችግሩ እጁንና ወረቀቱን የሚያየው በመስታወት ነው፣ ሁሉ ነገር ተገልብጦ። ሞክሩት፤ መጀመሪያ እርሳሱ ወዳላሰባችሁት አቅጣጫ ይሸሻል። ሄንሪም እንደማንኛውም ሰው ተንገዳገደ። ግን በሦስት ቀን ልምምድ ስህተቱ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ጥሩ አድርጎ ሣለ። ሥራውን ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደነበር ግን ፈጽሞ አላስታወሰም። እንዲህ መቅለሉ ገረመው።

እዚህ ላይ ሁሌም ቆም እላለሁ። እጁ ተምሯል። እሱ መማሩን አያውቅም። አንድ ሰው ውስጥ አንዱ ትውስታ ሞቶ ሌላው በሕይወት ሊኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ምን ይመጣል?

ሄንሪ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 55 ዓመት ኖሮ በ2008፣ በ82 ዓመቱ ዐረፈ። ሱዛን ኮርኪን የምትባለው ተመራማሪ ለአሥርት ዓመታት አብራው ሠርታለች። ማን እንደሆነች ግን አላወቀም። ፊቷ አዲስ አይሆንበትም ነበርና ሁለተኛ ደረጃ አብረው የተማሩ ይመስለው ነበር። ስለ ራሳችን የምናውቀውን ይህን ያህል ነገር የሰጠን ሰው፣ የሰጠንን ሳያውቅ ሄደ።

ገጠመኝና ዕውቀት ግን ያው አንድ አይደሉም? ሁለቱም «ማስታወስ» ናቸው።

ኤንደል ተልቪንግ ልዩነቱን በ1972 በጽሑፍ እስኪያወጣው ድረስ ብዙ ባለሙያዎችም እንደዚያ ያስቡ ነበር። ተልቪንግ ኤስቶኒያ ተወልዶ ካናዳ የሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው።

እሱ ራሱ ለዓመታት ያጠናው ኬ.ሲ. በሚል ፊደል የሚታወቅ ካናዳዊ አለ። በ1981 ሞተር ሳይክል ሲነዳ አደጋ ደረሰበትና አንጎሉ ተጎዳ። ኬ.ሲ. ቼዝ መጫወት ያውቃል። አንድም ቀን ከማን ጋር እንደተጫወተ ግን ትዝ አይለውም። ስለ ሕይወቱ ያሉትን መረጃዎች ያውቃል፣ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ። ከመላ ዕድሜው ውስጥ «እኔ እዚያ ነበርኩ» የሚለው አንድ ቅጽበት አልቀረውም።

በጣም የሚገርመው ሌላ ነው። «ነገ ምን ታደርጋለህ?» ሲሉት ባዶ ይሆንበታል። ትናንቱን ማየት ያልቻለ ሰው ነገንም መሳል አቃተው። አሁን ብዙ ተመራማሪዎች ያለፈውን የምናስታውስበትና የወደፊቱን የምንገምትበት የአእምሮ ሥራ በአብዛኛው የጋራ ነው ይላሉ። ከትናንት ቁርጥራጮች ነው ነገን የምንሰፋው።

በተቃራኒው የሚሄድም በሽታ አለ። ሴማንቲክ ዲሜንሺያ የሚባለው የያዘው ሰው የትናንትናውን ጉዞ ያጫውታችኋል። ግን ማንኪያ አሳዩት፤ ስሙም ይጠፋበታል፣ እየቆየ ምን እንደሚሠራበትም።

እጄ የሚያውቀውን እኔ የማላውቀው እንዴት ነው?

የባንክ ካርዳችሁን ፒን ቁጥር በቃላችሁ ለመናገር ሞክሩ። አንዳንዶቻችሁ ጣታችሁን አየር ላይ ሳታንቀሳቅሱ አይመጣላችሁም።

የክህሎት ትውስታ በአብዛኛው የሚያርፈው ከሂፖካምፐስ ውጭ ነው። ከአንጎል ሥር ጠልቀው በሚገኙት ቤዛል ጋንግሊያ በሚባሉ ክፍሎችና ከኋላ በኩል ባለው ትንሹ አንጎል ነው። መኪና ስትማሩ አስታውሱ። ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ መስታወት፣ ሁሉን በቃል ነበር የምታስቡት። መኪናዋ ስንት ጊዜ ጠፋችባችሁ? ከስድስት ወር በኋላ ስልክ ላይ ያለውን ሰው እየተቆጣችሁ ሦስተኛ ታስገባላችሁ። (ባታደርጉት ይሻላል።) ሥራው ከሚታሰብበት ቦታ ወደሚለመድበት ቦታ ዞሯል።

እንቅስቃሴን የሚያውከው የፓርኪንሰን በሽታ የሚጎዳው ይህኛውን ወገን ነው። በ1996 በወጣ አንድ ጥናት የፓርኪንሰን ሕሙማን ቀስ በቀስ በልምድ የሚገኝ የግምት ጨዋታ መማር አቃታቸው። የጨዋታውን ሁኔታ ግን በደንብ አስታወሱ። የመርሳት ችግር ያለባቸው ሕሙማን ደግሞ ጨዋታውን ተማሩ፣ ሁኔታውን ረሱ። እንደ ሚዛን ሁለት ጎን ነው።

ስውር ትውስታ ይኼ ብቻ ነው?

አይደለም። ውሻ ነክሷችሁ የሚያውቅ ከሆነ ልባችሁ ውሻውን ከማየታችሁ በፊት ይደነግጣል። የጥርስ ሐኪም ቤት ሽታ መንገጭላ ያስጨብጣል። የፓቭሎቭ ውሾች ምግብ ሲመጣ የሚሰሙትን ድምፅ ለምደው ድምፁን ብቻ ሲሰሙም ምራቃቸው ይመጣ ነበር፤ ያ ልማድ እኛም ውስጥ አለ።

ኤድዋር ክላፓሬድ የሚባል የጄኔቫ ሐኪም በ1911 የጻፈው ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። የምትረሳ ታካሚ ነበረችው። በየጊዜው «ተዋወቂኝ» ይላታል። አንድ ቀን ጣቱ መሀል መርፌ ደብቆ ጨበጣትና ወጋት። ቶሎ ረሳችው። በሌላ ጊዜ እጁን ሲዘረጋላት ግን እጇን ሸሸት አደረገች። ለምን ብትባል የምታውቀው ምክንያት የላትም። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ታካሚ ላይ ማድረግ ነውር ነው። እውነቱ ግን ይቀራል፣ ፍርሃት የራሱ ማስቀመጫ አለው። አሚግዳላ የምትባል፣ አልሞንድ የተባለውን ለውዝ የምትመስል የአንጎል ክፍል ትሠራበታለች።

ትልልቅ ቀኖችን ግን ፎቶ እንዳነሳን ነው የምናስታውሰው። እነሱ አይሳሳቱም አይደል?

ይሳሳታሉ፤ ይህን ስነግራቸው ሰዎች ይቆጡኛል።

ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው የት ነበራችሁ? አንዳንዶቻችሁ ወንበሩን ሳይቀር ትነግሩኛላችሁ። ታላቅ ወንድሜም ይነግረኛል። ሰፈር ውስጥ ደመራ እየነደደ፣ ጎረቤት ቤት በር ላይ ቆመን፣ እኔ ጀርባው ላይ ታዝዬ። ችቦው ይሸተዋል።

ውድድሩ ግን የተካሄደው ሴፕቴምበር 25 ቀን 2000 ነበር። በኛ መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ደመራ ሊበራ አንድ ቀን ሲቀረው። ሲድኒ ሲመሽ እኛ ጋ ገና ቀን ነበር። የችቦው ጭስ እውነት ነው፣ ጀርባው ላይ መታዘሌም እውነት ይሆናል፤ ግን የሌላ ማታ ነው። ሁለት ደስታ አንድ ላይ ተሰፍቶበታል። ካሌንደር አውጥቼ ባሳየውም «ትዝ ይለኛል እኮ እያልኩሽ!» አለኝ። ደግሞ በእርግጥም ትዝ ይለዋል።

ኡልሪክ ናይሰር የሚባል ተመራማሪ ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር በጥር 1986 በፈነዳች ማግስት ተማሪዎቹን ዜናውን የት፣ ከማን እንደሰሙት አስጻፋቸው። ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል መልሶ ጠየቃቸው። ሩብ ያህሉ ከጻፉት ጋር በምንም አልገጠሙም። በመልሳቸው ግን እርግጠኛ ነበሩ። የራሳቸውን የእጅ ጽሑፍ ሲያሳያቸውም አሁን የሚያስታውሱትን የመረጡ ነበሩ።

ገጠመኝን ስናስታውስ ከመደርደሪያ አናወርደውም፣ በየጊዜው እንደ አዲስ እንገነባዋለን። ለዚህ ነው ፍርድ ቤት የአንድ ምስክር እርግጠኝነት ብቻውን ሊበቃ የማይገባው።

ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ የነበረውን ሕይወቴን ለምን አላስታውስም?

ማንም አያስታውስም ማለት ይቻላል። የአብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ገጠመኝ ሦስት ዓመት ወይም ሦስት ተኩል አካባቢ ነው። ሂፖካምፐስ ገና እያደገ ነው፣ ነገሩን የምንቋጥርበት ቋንቋም የለንም። ግን በዚያው ጊዜ መራመድ፣ መናገር፣ ማንን ማመን እንዳለብን ተምረናል። ያ ሁሉ ቀርቷል።

ሽምደዳ ይጠቅማል?

በምን መልክ እንደሆነ ነው ነገሩ። የፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ለጠዋቱ ይበቃ ይሆናል። ለከርሞ አይቀርም።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ፊደላት እየቀጠለ ራሱ ላይ ሞከረና በ1885 አሳተመው። ከአንድ ቀን በኋላ መልሶ ሲማራቸው ከድካሙ የተረፈለት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነበር። አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል። ጊዜ እየሰጡ መመለስ አንድ ላይ ከመጋት እንደሚሻልም ያየው እሱ ነው።

ሌላው መሠረታዊ ነገር፣ ማንበብና ከራስ ማውጣት ይለያያሉ። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ባወጡት ጥናት ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደብተራቸውን ዘግተው ያስታወሱትን የጻፉት በለጡ።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ከጥንት ጀምረው ይሠሩበታል። ማታ፣ መብራት በሌለበት፣ የቃል ትምህርት አለ። መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ሲስት ይታረማል። መጽሐፍ የለም፤ ከራስ ማውጣት ግድ ነው። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተዘጋጀ ነው፣ የሰኞው በሰኞ ይመለሳል። ቃሉንም ልብ በሉት፦ «ዳዊት ይደግማል» እንላለን። ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ሐፊዝም እንዲሁ ነው። አዲስ ከመያዙ ጋር የያዘውን መከለስ ሥራው ነው፣ ካልከለሰ ይሸሸዋል።

ከሚያንቀላፋ ተማሪ ጋር አትጣሉ። እንቅልፍ የቀኑን ትምህርት ማጽኛ ነው። ሌሊቱን ሲያነብ ያደረ ልጅ የዘራውን ሳይሸፍን የተወ ገበሬ ነው።

ስም ይጠፋኛል። «አፌ ላይ ነበር» እያልኩ ነው የምውለው። ልፍራ?

በዚህ ብቻ አትፍሩ። ስም ከፊት ጋር የሚያያዝበት ምክንያት ስለሌለው ከሁሉ ቀድሞ የሚያስቸግር ነው። ሰውዬው ጋራዥ እንዳለው ታውቃላችሁ፣ ስሙ ግን አልመጣ አለ። ማታ እጅ ስትታጠቡ ከች ይላል። ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል፣ ጤነኛ ነው።

ሐኪም ጋ የሚያስኬደው ሌላ ነው። በለመዱት መንገድ መጥፋት። አንድ ጥያቄ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ። ሂሳብ አዋቂ የነበረ ሰው የሱቅ መልስ ሲያደናግረው። «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት! የቢ12 ቫይታሚን እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ሰውን እንዲህ ያደርጋሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ብዙ መጠጥና የቢ1 እጥረት አንድ ላይ የሚያመጡት ከባድ መርሳትም አለ፣ እሱ ሲዘገይ አይመለስም።

በአልዛይመር የትኛው ነው ቀድሞ የሚሄደው?

ብዙውን ጊዜ የቅርብ ገጠመኝ። አልዛይመር አንጎልን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው፤ በተለመደው መልኩ የሚጀምረው ሂፖካምፐስና ጎረቤቶቹ ላይ ነው። የድሮው ገጠመኝ ይዘገያል። ዕውቀቱም ቀስ እያለ ይሸረሸራል። እጅ የለመደው፣ ዜማው፣ ጸሎቱ፣ ስሜቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያሉ። ሁሉም ሰው ላይ በአንድ ቅደም ተከተል አይሄድም።

በውጭ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሲደክም፣ የእናት ቋንቋ ሲቀር ይታያል። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም 30 ዓመት የኖሩ አባት አንድ ቀን ለነርሷ በአማርኛ ብቻ መመለስ ይጀምሩ ይሆናል። እልኸኛ ሆነው አይደለም። «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «ሽንት ቤት» የሚሉትን ቃላት በአገሩ ፊደል ጽፋችሁ አልጋቸው አጠገብ ለጥፉ። ለተንከባካቢው ወርቅ ነው።

ታዲያ እንዴት ልቅረባቸው?

«ማን ነኝ? እስኪ እወቂኝ!» የሚለውን ጨዋታ ተዉት። እባካችሁ። ለኛ ቀልድ ነው፤ ለእነሱ ሁሌ የሚወድቁት ፈተና ነው። ገብታችሁ ስማችሁን ራሳችሁ ተናገሩ። «እኔ ነኝ እምዬ፣ የአልማዝ ልጅ» በሉና ጉልበት ሳሙ።

የሞተ ባል «የት ሄደ?» ሲሉ ሁሌ እውነቱን መንገርም እንዲሁ። እኛ መረጃ የሰጠን ይመስለናል። እሳቸው ግን መርዶ ነው የሚሰሙት፣ በቀን አራት ጊዜ፣ ሁሌም እንደ አዲስ። «ስለ እሱ አጫውቺኝ» ብትሉ የድሮው ይከፈታል።

«ለምን ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ፣ ወዲያው ይረሱታል» የሚል ሰው ካለ ይህን ይስማ። በ2010 አሜሪካ አይዋ ግዛት ውስጥ ሂፖካምፐሳቸው የተጎዳ ሕሙማን አሳዛኝና አስደሳች ፊልሞች እንዲያዩ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ያዩትን ረሱ። ሐዘኑና ደስታው ግን ቆየ። ከየት እንደመጣ አያውቁም፣ አብሯቸው ግን አለ። በ2014 አልዛይመር ባለባቸው ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር ታየ። ስለዚህ ቅዳሜ መሄዳችሁ ይረሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ፊታቸው ፈታ ብሎ ያመሻል።

አዲስ ነገር መማር ይችላሉ?

በእጅ በኩል፣ አዎ፣ ትንሽ ትንሽ። ደንቡ አንድ ነገር፣ አንድ ቦታ፣ በየቀኑ፣ ሳያስገምቱ። «የት ነበር? አስታውሺ» ማለት ይጎዳል። የተሳሳተውን መሳቢያ ሲከፍቱ፣ መሳሳታቸውን አያስታውሱም፤ እጃቸው ግን ያንን መሳቢያ ይለምዳል። እጃቸውን ይዞ ወደ ትክክለኛው መውሰድ ይሻላል።

እምዬ ወደኛ ቤት የመጣችው በሽታው ከጀመራት በኋላ ነው። ባዘቶዋንና እንዝርቷን የያዘውን ሙዳይ ከመስኮቱ ሥር፣ ከዱካዋ በስተግራ አስቀመጥንላት። እናቴ ጠዋት ጠዋት እጇን ይዛ ሙዳዩ ላይ ታሳርፍላት ነበር። ምንም ሳትጠይቃት፣ ምንም ሳትላት። ስንት ሳምንት እንደፈጀ አልቆጠርነውም። አንድ ጠዋት ቁርስ አቅርቤ ስገባ እምዬ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን እያየች «ይኼ ቤት የማን ነው?» አለችኝ። ግራ እጇ ግን ወደ መስኮቱ ሥር ወርዶ የሙዳዩን ክዳን እየከፈተ ነበር።